የአልማዝ ቀለምና የቀለበት ምርጫ፦ ደረጃው የሚለካው ምንድን ነው?

(በእንጅባራ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ ሲነገር ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። የአዊ ምድር በፈረሱ፣ በማሩ፣ በድንቹና በጤፉ ይታወቃል እንጂ በአልማዝ አይታወቅም። አልማዝ የሚለውን ቃልም ከድንጋዩ ይልቅ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ስም እናውቀዋለን። ቃሉ ከዐረብኛው «አልማስ» የመጣ ሲሆን፣ የዐረብኛውም መነሻ «አዳማስ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «የማይበገር» ማለት ነው። ስሙ በየቤቱ ሲጠራ ድንጋዩ ግን ለብዙዎቻችን ሩቅ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ቀድሞ ለጋብቻ ፈርጥ የሌለው የወርቅ ቀለበት ይበቃ ነበር። ዛሬ ጥር ሲገባ በየሰርጉ ነጭ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከፊሉን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ነው፤ ከፊሉ ከአዲስ አበባ ወርቅ ቤቶች የተገዛ ነው። ለመጋባት የተዘጋጁ ወጣቶችም ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ይህ አልማዝ ነው ወይ? ቀለሙስ ጥሩ ነው ወይ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ባለማወቅ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ከሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ሰርግ ራሱ ዕዳ እያስገባ ባለበት በዚህ ዘመን ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ሐሳብ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ሐሳቡም ይህ ነው፦ የአልማዝ የቀለም ደረጃ የሚለካው ብርቅነትን ነው፤ ውበትን አይለካም። ይህንን የተረዳ ሰው በገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ያልተረዳ ሰው ግን ዓይኑ ለማያየው ልዩነት ይከፍላል።

በመጀመሪያ አልማዝ ምን እንደሆነ እንይ። አልማዝ ካርቦን ነው። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ እየተከለና ከሰል እያከሰለ ገቢ እንደሚያገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። በከሰሉና በአልማዙ መካከል ያለው ዋና ልዩነት የአተሞቹ አደራደር ነው። በከሰል ውስጥ አተሞቹ ሥርዓት አጥተው ተዘበራርቀው ስለሚገኙ ብርሃንን ይውጣሉ፤ ከሰሉም ጥቁር ሆኖ ይታያል። በአልማዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በእኩል ርቀትና በጽኑ ትስስር ተያይዟል። የዓይናችን ብርሃን በዚህ መዋቅር ውስጥ ሳይዋጥ ያልፋል። ፍጹም ንጹሕ የሆነ አልማዝ ቀለም የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አደራደር የሚፈጠረው ከመሬት ወለል በታች ቢያንስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በሚደርስ ጥልቀት፣ ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ባለበት ነው። አብዛኞቹ የተፈጥሮ አልማዞች ዕድሜያቸው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። ወደ ላይ ያወጣቸውም ኪምበርላይት የተባለ የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ከምትገኘው ከኪምበርሊ ከተማ ነው። እዚህ ላይ «የዘንገና ሐይቅም እኮ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ታዲያ በአዊ አልማዝ አይኖርም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የዘንገና ጉድጓድ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ መፈጠሩ እውነት ነው። ሆኖም የአካባቢያችን ዐለት በሥነ ምድር አቆጣጠር ወጣት የሆነ ባዛልት ነው። ኪምበርላይት ግን በአብዛኛው የሚገኘው እጅግ አሮጌና ወፍራም የምድር ቅርፊት ባለበት ነው። እሳተ ገሞራ ሁሉ አልማዝ አያወጣም።

አሁን ወደ ቀለም እንለፍ። ንጹሕ አልማዝ ቀለም ከሌለው በገበያ የምናየው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ከየት መጣ? ዋናው ምክንያት ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ አርሶ አደሩ በዩሪያ መልክ ማሳው ላይ የሚበትነውም፣ ዲከረንስ በሥሩ አማካይነት ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚሰጠውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። አልማዝ በጥልቁ ሲያድግ ጥቂት የናይትሮጅን አተሞች የካርቦንን ቦታ ይይዛሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ እነዚህ አተሞች ይሰባሰባሉ። ሦስት ሆነው በአንድ ባዶ ቦታ ዙሪያ ሲቀመጡ ከወይን ጠጁና ከሰማያዊው ብርሃን ጥቂቱን ይውጣሉ። ከነጭ ብርሃን ላይ ሰማያዊው ሲቀነስ የሚቀረው ወደ ቢጫ ያደላል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጠብ ያለች የሻይ ጠብታን አስቡ፤ የአብዛኛው አልማዝ ቢጫነት ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ሌሎች ቀለሞችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር ሲገባ ድንጋዩ ሰማያዊ ይሆናል። በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘውና 45.52 ካራት የሚመዝነው «ሆፕ» የተሰኘው አልማዝ የዚህ ምሳሌ ነው። አረንጓዴው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከተፈጥሯዊ ጨረራ የሚመጣ ነው። ሮዝ ቀለም በአብዛኛው የክሪስታሉ መዋቅር በግፊት ከመጣመሙ ጋር ይያያዛል። የሮዝ አልማዝ ዋነኛ ምንጭ የነበረው በአውስትራሊያ የሚገኘው የአርጋይል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራውን አቁሟል። እነዚህ ግን ለአብዛኛው የቀለበት ገዢ ሩቅ ናቸው። ወርቅ ቤት ገብታችሁ የምትጠየቁበት ቀለም ከ«ነጭ» እስከ ፈዛዛ ቢጫ ያለው ነው።

ይህን ቀለም ደረጃ ማውጣት እንዴት ተጀመረ? ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ ላንሣ። ጤፍ ገዢ በዳንግላ ገበያ ምን ያደርጋል? ከየጆንያው ጥቂት ዘገን አድርጎ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል፤ ወደ ብርሃን ያወጣዋል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያስተያያል። ከዚያ «ይህ ማኛ ነው፣ ይህ ነጭ ነው፣ ይህ ሰርገኛ ነው» ይላል። ማኛው ዋጋው ይወደዳል። ይሁን እንጂ ቀይ ጤፍ በምግብነቱ ከማኛ ያንሳል ማለት አይደለም። በቀለም የተለየው ዋጋ የገበያ ምርጫን ያሳያል፤ የእህሉን ጠቅላላ ጥቅም አይናገርም። የአልማዝ ቀለም ደረጃም በመሠረቱ ይህንኑ ይመስላል፦ ድንጋይን ከድንጋይ ጋር በብርሃን ማስተያየት ነው።

በአልማዝ ንግድ ግን ለረጅም ጊዜ አንድ ወጥ ቋንቋ አልነበረም። አንዱ ነጋዴ «ወንዝ» የሚል ስም ይሰጣል፤ ሌላው በማዕድን ስም «ዌሰልተን» ይላል፤ ቢጫ የሚመታውን «ኬፕ» ይሉታል። ሌላውም ኤ፣ ድርብ ኤ፣ ሦስት ኤ እያለ በፊደል ይጠራል። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ ሚዛን ሲኖረው የሚጎዳው ገዢው ነው። የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ጥናት ተቋም፣ በምኅጻሩ ጂ.አይ.ኤ. የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 አንድ መሰላል አወጣ። መሰላሉ በእንግሊዝኛው ፊደል ከ«ዲ» ተነሥቶ እስከ «ዜድ» ይወርዳል፤ በጠቅላላው 23 ደረጃ ነው። ከ«ኤ» ያልተጀመረበት ምክንያት ከቀድሞዎቹ የተዘበራረቁ ስያሜዎች ጋር እንዳይምታታ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ቀለም አልባ ይባላሉ። ከጂ እስከ ጄ ያሉት ለቀለም አልባ የቀረቡ ናቸው። ከኬ እስከ ኤም ያሉት እጅግ ፈዛዛ ቢጫነት ይታይባቸዋል። ከኤን እስከ አር ቢጫነቱ ይጨምራል፤ ከኤስ እስከ ዜድ ደግሞ ማንም ሳይቸገር ያየዋል። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፦ ደረጃ የሚሰጠው ድንጋዩ ቀለበት ላይ ሳይገጠም ነው። መርማሪው አልማዙን በነጭ ነገር ላይ በግንባሩ ይደፋዋል፤ የቀን ብርሃንን በሚመስል ቁጥጥር የተደረገበት መብራት ሥር በጎኑ ይመለከተዋል፤ ደረጃቸው አስቀድሞ ከታወቀ የማመሳከሪያ ድንጋዮች ጋር ያነጻጽረዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፊት ለፊት ሲያዩት ብልጭታው ቀለሙን ስለሚሸፍነው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ድምዳሜ እናንተም ሳትደርሱበት አልቀራችሁም። ሙሽራዋ ቀለበቷን ገልብጣ፣ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ፣ ከማመሳከሪያ ድንጋይ ጋር እያስተያየች አትውልም። በጣት ላይ ያለ ፈርጥ የሚታየው በግንባሩ ነው። በዲ እና በኤፍ መካከል ያለውን ልዩነት ጣት ላይ ባለ ድንጋይ መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ዋጋው ግን በእያንዳንዱ ፊደል ይለያያል። ለምን? ፍጹም ቀለም አልባ ድንጋይ በተፈጥሮ ጥቂት ስለሆነ ነው። የተከፈለው ዋጋ የብርቅነት ዋጋ ነው።

ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ። ቢጫነቱ ከዜድ አልፎ ደማቅ ሲሆን ድንጋዩ ከመሰላሉ ይወጣና «ልዩ ቀለም» ከሚባሉት ወገን ይቆጠራል፤ ዋጋውም እንደገና ይወጣል። ፈዛዛው ቢጫ ጉድለት ተብሎ ዋጋው ሲወርድ፣ ደማቁ ቢጫ ብርቅ ተብሎ ይከበራል። ደረጃው ውበትን የሚለካ ቢሆን ኖሮ ያው ቀለም በአንድ ቦታ ነውር፣ በሌላ ቦታ ክብር ባልሆነ ነበር። ፈረስን ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ እያለ የሚለይ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የቀለም ስም መለያ ነው፣ የፈረሱን ጉልበት ግን አይነግረንም።

«ታዲያ ቀለበት ስንመርጥ ምን እናድርግ?» የሚለው የሚቀጥለው ጥያቄ ነው። አምስት ነገሮች የድንጋዩን ቀለም በዓይናችን ፊት ይለውጡታል።

አንደኛው ብረቱ ነው። ድንጋዩ በዙሪያው ያለውን ብረት ቀለም ያንጸባርቃል። በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲነም ላይ የተገጠመ ድንጋይ ቢጫነት ካለው ይጋለጣል። በቢጫ ወርቅ ላይ ግን የወርቁ ቢጫ ከድንጋዩ ስለሚበልጥ ድንጋዩ በንጽጽር ነጭ መስሎ ይታያል። የእኛ ሕዝብ ልማድ ቢጫ ወርቅ ነው። ስለዚህ ከጄ እስከ ኤል ያለ ድንጋይ በቢጫ ወርቅ ላይ ሲገጠም አምሮ ይታያል። ለቢጫ ወርቅ ቀለበት የዲ ደረጃ ድንጋይ የሚገዛ ሰው የከፈለበትን ልዩነት በገዛ ቀለበቱ ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው መጠን ነው። ብርሃን በትልቅ ድንጋይ ውስጥ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚጓዝ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል። ከግማሽ ካራት በታች በሆነ ድንጋይ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ፊደል ልዩነት ለተራ ዓይን አይታይም።

ሦስተኛው አቆራረጥ ነው። ክቡ ባለ ብዙ ገጽ አቆራረጥ ብርሃኑን ሰባብሮ ስለሚመልስ ቀለምን ይደብቃል። ሰፋፊ ገጾች ያሉት አራት ማዕዘን አቆራረጥ ግን እንደ መስኮት ነው፤ ቀለሙን ያሳያል። በሞላላ ድንጋዮችም ቀለም ወደ ጫፎቹ ይከማቻል። ገንዘቡ ውሱን ለሆነ ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ ከቀለም ፊደል ሁለትና ሦስት ደረጃ ዝቅ በሉ፤ በአቆራረጥ ጥራት ግን አትደራደሩ። ድንጋይን የሚያበራው አቆራረጡ ነው። በደንብ ያልተቆረጠ የዲ ድንጋይ ደብዛዛ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የተቆረጠ የአይ ድንጋይ ግን ሕያው ነው።

አራተኛው መብራት ነው። የጌጣጌጥ መደብር መብራት ብልጭታ እንዲያወጣ ተመርጦ የተሰቀለ ነው፤ በዚያ ሥር ሁሉም ድንጋይ ያምራል። ስለዚህ ሻጩን በትሕትና ጠይቃችሁ ቀለበቱን ወደ በሩ አውጡት። በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን በጥላ ሥር ባለ የቀን ብርሃን፣ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በግንባሩም በጎኑም ተመልከቱት። ድንጋይ እንደ መስተዋት በመሆኑ የለበሳችሁት ቀይ ወይም ቢጫ ልብስ ቀለሙን ሊያበላሽባችሁ ይችላል። በዘይትና በሳሙና የቆሸሸ ድንጋይም ከደረጃው በታች ይታያል፤ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ መታጠብ ብቻ ይበቃዋል።

አምስተኛው ፍሎረሰንስ የሚባለው ጠባይ ነው። አንዳንድ አልማዞች አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ብርሃን ያወጣሉ። ሰማያዊው ቢጫውን ስለሚያካክሰው ድንጋዩ በፀሐይ ብርሃን ከደረጃው የነጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ በመጠኑ ሲሆን ለገዢው ጥቅም ነው፤ እጅግ ሲበረታ ግን አንዳንዱን ድንጋይ ወተት የተቀላቀለበት ያስመስለዋል። በቀጥታ ፀሐይ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ ያልሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን ድንጋዩ በእርግጥ አልማዝ ነው ብለን ነው የተነጋገርነው። ከቀለም በፊት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ንጣት የአልማዝነት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገበያ የተስፋፋው ኩቢክ ዚርኮኒያ የተባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ፍጹም ቀለም አልባ ሆኖ በርካሽ ይመረታል። በመጠን እኩል ከሆነ አልማዝ ይልቅ ከባድ ነው፤ ከጊዜ በኋላም ይቧጨራል። ሞይሳናይት የተባለው ሌላው ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ብልጭታውም ከአልማዝ ይበልጣል። ሙቀትን እንደ አልማዝ ስለሚያስተላልፍ በሙቀት የሚሠራውን የመደብር መሞከሪያ ያታልላል። እነዚህ ድንጋዮች በራሳቸው ነውር የለባቸውም። ነውሩ በአልማዝ ስምና ዋጋ ሲሸጡ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ በላቦራቶሪ የሚመረተው አልማዝ ነው። ይህ አስመሳይ አይደለም፤ በኬሚካዊ ይዘቱም በጥንካሬውም አልማዝ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ ላይ አልማዝን በፋብሪካ መሥራት ችሏል፤ ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት ይመረታል። በዓይን፣ በአጉሊ መነጽርም ቢሆን ከተፈጥሮው መለየት አይቻልም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ለእኛ ርእስ ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። በፋብሪካ ናይትሮጅንን ማስወገድ ስለሚቻል፣ በተፈጥሮ ብርቅ የሆነው ቀለም አልባነት እዚያ ተራ ነገር ሆኗል። ዋጋውም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእጅጉ ወርዷል። ንጣቱ ያው ሲሆን ብርቅነቱ ሲቀር ዋጋው አብሮ ቀረ። በመነሻዬ ያልሁትን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ ገዢው «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ወይስ ከላቦራቶሪ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል።

የምስክር ወረቀት ሲቀርብላችሁም ወረቀቱን ብቻ አትዩ። በታወቀ ተቋም የተመረመረ ብዙ ድንጋይ በወገቡ ዙሪያ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር አለው፤ በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ካልተመሳከረ ወረቀቱ የዚያ ድንጋይ ስለመሆኑ ምንም ዋስትና የለም።

እዚህ ላይ በቋንቋችን የሚያሳስት አንድ ቃል ላንሣ፤ «ካራት» የሚለው ነው። በአማርኛ ለሁለት ነገር እንጠቀምበታለን። ለድንጋይ ሲባል ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ለወርቅ ሲባል ግን ንጽሕና ነው፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ አለው። «ቀለበቱ 18 ካራት ነው» ሲባል ስለ ድንጋዩ የተነገራችሁ ምንም ነገር የለም። ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን የሴት ልጅ ወርቅ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የክፉ ቀን ቁጠባ ነው። ቤት ሲቸገር፣ ልጅ ሲታመም፣ ወርቁ ወደ ወርቅ ቤት ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል። ግራሙ ግራም ነው። አልማዝ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ድንጋይ በቀለሙ፣ በጥራቱ፣ በአቆራረጡና በክብደቱ ስለሚለያይ በግራም የሚሸጥበት የዕለት ዋጋ የለውም። ከመደብር የተገዛ ፈርጥ ተመልሶ ሲሸጥ ከተገዛበት ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸጠው። አልማዝን ከዘላለማዊ ፍቅር ጋር ያቆራኘው የደ ቢርስ ኩባንያ ማስታወቂያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከጥንት የወረስነው ሥርዓት ሳይሆን የንግድ ዘመቻ ፍሬ ነው። ይህን የምለው አልማዝ አትግዙ ለማለት አይደለም። ለውበቱና ለትርጉሙ የሚገዛ ይግዛ። ነገር ግን «ወርቁን ተይና አልማዝ ይሁንልሽ» ተብላ የምትመከር ልጅ ቁጠባዋን በጌጥ እንደለወጠች አውቃ ትወስን። ወላጆችም ለሰርግ ከመበደራቸው በፊት ይህን ያመዛዝኑ።

እስካሁን ለገዢ ተናገርሁ። የቀለም ዕውቀት ግን ለሻጭም ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከክልላችን ሳንወጣ ምሳሌ አለን። በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የከበረ ኦፓል ተገኝቷል። ከዚያ በፊትም በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ይታወቅ ነበር። የደላንታው ኦፓል በዓለም ገበያ «ወሎ» በሚል ስም ይጠራል። ከገደል ወገብ ላይ፣ ከቀጭን የእሳተ ገሞራ ዐለት ንብርብር ውስጥ፣ ወጣቶች ዋሻ እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ የዋሻ መደርመስም ሕይወት ይቀጥፋል።

በኦፓል ዘንድ የአልማዙ መሰላል ይገለበጣል። አልማዝ ቀለም ባጣ ቁጥር ይወደዳል፤ ኦፓል ግን ቀለም በበዛበት ቁጥር ይከበራል። በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች እኩል ሆነው በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃንን ይበትናሉ፤ ድንጋዩ ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይፈራረቁበታል። ትልልቆቹ እንክብሎች ቀዩን ያወጣሉ፤ ቀይ የሚታይበት ድንጋይም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይበልጣል። ይህን የሚያውቅ ቆፋሪ ድንጋዩን እያገላበጠ፣ ደረጃ በደረጃ ለይቶ ይሸጣል። የማያውቀው ሁሉንም በአንድ ከረጢት በኪሎ ያስረክባል፤ የመለየቱን ትርፍ ሌላው ይወስደዋል። ድንጋዩን የቆፈረው ሰው የቀለሙን ቋንቋ ካላወቀ ዋጋውን የሚናገርለት ገዢው ነው።

የደላንታ ኦፓልን ለቀለበት የምትመርጡ ካላችሁ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። ድንጋዩ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ግልጽ ይሆንና ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳል። ዘይትና ሽቶ ሲመጥጥ ግን ሊበላሽ ይችላል። ይኸው ጠባዩ በቀለም ለመንከርና በጢስ ለማጥቆር ያመቻል፤ ስለዚህ «ጥቁር ኦፓል» ሲቀርብላችሁ ጥቁረቱ ከተፈጥሮ መሆኑን ጠይቁ። ከአልማዝ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑም እንጀራ ለምትጋግርና ልብስ ለምታጥብ እጅ ከዕለት ቀለበት ይልቅ ለጉትቻ ወይም ለአንገት ጌጥ ይስማማል።

እንግዲህ ላጠቃልል። ቀለበት ስትመርጡ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። በመጀመሪያ፦ ድንጋዩ ምንድን ነው፤ የተፈጥሮ ነው፣ የላቦራቶሪ ነው ወይስ አምሳያ? ቀጥሎ፦ ይህን የሚያረጋግጠው ምንድን ነው፤ ቁጥሩስ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል? ከዚያ፦ አቆራረጡ እንዴት ነው? ቀጥሎ፦ በመረጥነው ብረት ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ዓይናችን የሚያየው ቀለም ምን ይመስላል? በመጨረሻ፦ የፊደሉን ዋጋ ለመክፈል ከቤታችን ምን እናጎድላለን? የቀለም ፊደሉ አራተኛ እንጂ አንደኛ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል የሥነ ምድር፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች አላችሁ። አገራችን ኦፓል አላት፤ በደቡቡ ክፍል ኤመራልድ፣ በሰሜኑ ሳፋየር ተገኝቷል። የሚያወጣ እጅ አላጣንም። የጎደለን ድንጋዩን መርምሮ፣ ደረጃውን ለይቶ፣ ለሻጩም ለገዢውም እውነቱን የሚናገር ባለሙያ ነው። ይህ በእናንተ ዕድሜ ሊሟላ የሚችል ጉድለት ነው።